የደጁ መልስ

ዜማው ከአጎት ዮሂቺ የሚጠፋው ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ነበር።

ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ሁለት እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ይጀምራሉ። ድምፃቸው ሳንባቸው ከሚፈቅደው በላይ ይወጣል፤ ይወርዳል፤ እንደገና ይወጣል። ወደ ላይ እየወጣ ሳለ ቀጥ ይላል። የረሳ ሰው ይፈልጋል፤ ዓይኑ ይንከራተታል፣ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። እሳቸው ግን አይፈልጉም ነበር። አንገታቸውን ትንሽ ቀና አድርገው ዝም ይላሉ። ቆይተው ዓይናቸውን ሲገልጡ ከእንቅልፉ እንደ ነቃ ሰው ያዩናል።

«ጠፋ?» አለች ሚናኮ፣ ስልኳን ከአፋቸው ሥር ሳታነሳ።

«ጠፋ።»

«ትንሽ ወደ ኋላ መለስ ብለው ቢይዙትስ?»

«ወደ ኋላ መለስ የሚባል ነገር የለም። ከተቋረጠ ከመጀመሪያው ነው።»

«ኧረ አጎት ዮሂቺ! ከመጀመሪያው ከሆነማ ገና አልፎ ፋሲካ ይደርሳል።»

ሴቶቹ ሳቁ። ሚናኮ ወደቡ አጠገብ ያለው ፀጉር ቤት ባለቤት ናት፤ የቤተ ክርስቲያኑን መዘምራን የምትመራውም እሷ ናት። ገና እየተቃረበ ስለነበር ሴቶቹ በአዳራሹ የላምባ ምድጃ ዙሪያ ወንበራቸውን አስጠግተው ተቀምጠዋል። ምድጃው ላይ የመንደሪን ልጣጭ ደርድረው ስለነበር አዳራሹ የተቃጠለ ስኳር ይሸት ነበር።

«ይህን ሁሉ ዘመን ተደብቃችሁ ኖራችሁ» አለች አንዷ፣ «አሁን በስልክ ልትቀረጹ?»

«ያኔ የተደበቅነው ከገዢዎቹ ነው» አሉ አጎት ዮሂቺ። «አሁን የምንደበቀው ከእናንተ ጩኸት ነው።»

እኔ ከመዘምራኑ አይደለሁም። እዚያ የተገኘሁት አጎት ዮሂቺ መንጃ ፈቃዳቸውን ከመለሱ ወዲህ በመኪናዬ የማመላልሳቸው እኔ ስለሆንኩ ነው። ጥግ ላይ ተቀምጬ ነበር። ዜማው የት ላይ እንደ ቆመ ሰማሁ፤ ለምን እንደ ቆመም በመጀመሪያው ቀን አወቅሁ። ተነሥቼ የከሰለውን ልጣጭ ከምድጃው ላይ ለቀምኩና ልጥለው ወደ ውጭ ወጣሁ።

ደሴታችን ላይ ሁለት ዓይነት ክርስቲያን ነበር። ክርስትና በሞት በሚያስቀጣበት ዘመን ሁሉም ተደብቆ ይጸልይ ነበር። እገዳው ሲነሣ ገሚሱ ከባሕር ማዶ በመጡት ካህናት እጅ ወደ ቤተ ክርስቲያን ገባ። ገሚሱ ደግሞ አባቶቻችን ያስተማሩንን አንለውጥም ብሎ እዚያው ጓዳው ውስጥ ቀረ። እነዚህን «የተለዩት» ይሏቸዋል። ካህን የላቸውም፣ የጸሎት መጽሐፍ የላቸውም። ኦራሾ የሚሉት ጸሎታቸው ከአስተማሪ ወደ ተማሪ በጆሮ ብቻ ይተላለፋል። ቃሉ መጀመሪያ የባዕድ አገር ቃል ነበር፤ ለብዙ ትውልድ ከአፍ ወደ አፍ ሲሻገር የየትም አገር ቃል ያልሆነ ሆነ። ምን ማለት ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። አብዛኛው በንባብ ይባላል፤ ጥቂቱ ይዜማል። ከሚዜመው አንዱ በጌታ ልደት ዕለት የሚባለው ነው። እኔ ያገባሁት ከተለዩት ቤት ነው።

አዲሱ ካህን፣ አባ ሞሪዋኪ፣ ከናጋሳኪ ከተማ ተሹመው ሲመጡ ስለዚህ ዜማ ሰሙ። ከምንዘምራቸው መዝሙሮች ሁሉ የሚበልጥ ዕድሜ ያለው ዜማ በአንድ ታማሚ ሽማግሌ ደረት ውስጥ ብቻ ቀርቷል መባሉ እንቅልፍ ነሣቸው። ለገና ቅዳሴ ይዘመር አሉ። በደሴቱ ላይ ያጉረመረመ አልጠፋም። «አያቴ ይህን ብትሰማ ከመቃብር ወጥታ ውኃ ትረጨን ነበር» ያለች አሮጊት ነበረች። አጎት ዮሂቺም ራሳቸው መጀመሪያ እምቢ ብለው ነበር። እሺ ያሉት ከዋናው ደሴት ሆስፒታል የተመለሱ ዕለት ነው።

የተለዩት ማኅበር ከፈረሰ ቆይቷል። የፈረሰው ባለቤቴ ሪዮሳኩ ባሕር ላይ ከቀረ በኋላ ነው። ማኅበሩ የሚሰበሰበው በእኛ ቤት ነበር፤ ዜማውን የሚመራውም እሱ ነበር፤ ዮሂቺ ይከተላሉ፣ ሌሎቹ ሽማግሌዎች ይቀበላሉ። እሱ ከሌለ የሚመራ የለም ተባለ። በጓዳችን ቁምሳጥን ውስጥ ተሰቅሎ የኖረውን፣ እንደ ገጠር ሴት ኪሞኖ የለበሰች እናት ሕፃን የታቀፈችበትን ሥዕል በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው ለሙዚየም ሰጡት። ሽማግሌዎቹም አንድ በአንድ አለቁ። ዮሂቺ ቀሩ። እኔም ቀረሁ፤ ግን እኔ ሴት ስለሆንኩ በቀሩት ውስጥ አልቆጠርም።

የዚያን ቀን ከአዳራሹ ስንመለስ፣ ዳገቱን በዝግታ እየነዳሁ ሳለ «መምህር» አሉኝ። በደሴቱ ላይ ሁሉም እንዲህ ነው የሚጠራኝ፤ ትምህርት ቤቱ ልጅ አልቆበት እስኪዘጋ ድረስ ሥነ ጽሑፍ አስተምር ነበር።

«አቤት።»

«ሐኪሙ ለገና ትደርሳለህ አለኝ። ከገና በኋላስ ብዬ ስጠይቀው ስለ አየሩ አወራኝ።»

«ሐኪሞች ስለ አየር ማውራት ይወዳሉ።»

«ይሄኛው እንኳ ትንበያውም አይያዝለትም።» ሳል ያዛቸው፤ ቶሎም አልለቀቃቸውም። የኦክስጅን ቱቦውን አፍንጫቸው ላይ አስተካከሉ። «የምፈልገው አንድ ነገር ነው። አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሙሉውን ብዬው መሄድ። ያስተማሩኝ ሰዎች እዚያ ተቀምጠው እየጠበቁኝ ነው። ሳኬው ተቀድቶላቸዋል። ዜማው ሳያልቅ ደግሞ ጽዋ አይነካም፤ ታውቂያለሽ። እስካሁን በደረቁ ተቀምጠዋል። ሪዮሳኩም እዚያው ነው። እሱ መቼም ትዕግሥት የለው።»

ሪዮሳኩ እዚያ ነው ብሎ በፊቴ የተናገረ ሰው እስከዚያ ቀን አልነበረም። ማርሽ ቀየርኩ።

«አንቺ ወጥ ቤት ሆነሽ ትሰሚን ነበር» አሉ። «ከዚያች ቦታ ቀጥሎ ምንድን ነው የሚመጣው?»

«የወንዶቹን ቃል አላውቀውም፣ አጎት ዮሂቺ።»

ይህ እውነት ነው። አላውቀውም።

ሙሽራ ሆኜ ወደዚያ ቤት በገባሁበት ዓመት፣ ለልደት ቀን ጥሬ ዓሣውን ከትፈን፣ የሩዙን መጠጥ፣ ሳኬውን፣ አሙቀን ስንጨርስ አማቴ ፉሳኖ ክንዴን ይዘው ወደ ኋላ በር ወሰዱኝ። ወንዶቹ ከተንሸራታቹ በር ወዲያ፣ በሥዕሉ ፊት ተቀምጠዋል።

«በመካከል ላይ ዝም ይላሉ» አሉኝ። «ያን ጊዜ ጆሮሽን ወደ ውጭ ትሰጫለሽ። መጀመሪያ ደጁን ትሰሚያለሽ። ከዚያ ደረጃውን። ከዚያ መንገዱን እስከ ወደብ ድረስ። ከዚያ ‹ማንም አይመጣም› ትያለሽ። ጮክ አትበይ። እነሱ ይቀጥላሉ።»

ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ የመጣሁ ነበርኩ። ፈገግ ሳልል አልቀረሁም። «አሁን ማን ሊመጣ ነው፣ እናቴ? እገዳው እኮ ከተነሣ መቶ ዓመት አልፎታል።»

«እኔ ምን አውቃለሁ። ከመጣ ትናገሪያለሽ፤ ካልመጣ አልመጣም ትያለሽ።»

«ሳልሰማ ብናገርስ?»

አማቴ እጃቸውን በሽርጣቸው ጠረጉ። «ሳትሰሚ ካልሽው ውሸት ነው። በጸሎት መሐል ውሸት ከምትጨምሪ ቤቱን ብታቃጥይው ይሻላል።»

የዚያን ቀን ድምፁ ከበሩ ወዲያ ወጣ፣ ወረደ፣ ወጣ፣ ቆመ። አማቴ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ለረጅም ጊዜ የጨፈኑ መሰለኝ። ፊታቸው ላይ ያየሁትን እስካሁን በቃል ለማስቀመጥ አልቻልኩም፤ የመጣ እንደሆነ የሚሆነውን የሚያውቅ ሰው ፊት ነበር። ከዚያ ዝግ ባለ ድምፅ መለሱ። ዜማው ከቆመበት ተነሥቶ ሄደ።

በኋላ እሳቸው ሲያልፉ በሩ የእኔ ሆነ። ዜማው የሚጠናው ከፋሲካ በፊት ባሉት የሐዘን ሳምንታት ብቻ ነው፤ ከዚያ ውጭ ማስተማር ነውር ነው። ሲጠናም በመሪው ቤት፣ የመሪው ሚስት ከበሩ ኋላ ቆማ ነው የሚጠናው። ስለዚህ ወንዶቹ ያንን ዝምታ ያለ ሴት ድምፅ ተሻግረውት አያውቁም። መልሱ የዜማው ክፍል ነው ብሎ ያሰበ ግን የለም። ሴት ኦራሾ አትማርም። አጎት ዮሂቺ የሚጠብቁት ምን እንደሆነ እሳቸውም አያውቁትም ነበር። የሚያውቀው አንገታቸው ብቻ ነበር።

ሪዮሳኩ የቀረው ልደት አልፎ አዲሱ ዓመት በገባ በጥቂት ቀናት ውስጥ ነው። ባሕሩ እንደ ዘይት የረጋ ነበር። ጀልባው ሞተሩ እንደተነሣ ክብ እየሠራ ሲዞር ተገኘ። መረቡ በግማሽ ተስቦ ነበር። ሻዩ ይዞት በሄደው ፔርሙዝ ውስጥ ገና ትኩስ ነበር። እሱ ግን አልተገኘም። ጠላቂዎች ወረዱ፤ የዓሣ አጥማጆች ማኅበር ጀልባዎቹን ሁሉ አወጣ፤ ከሳምንት በኋላ ሁሉም ወደ ሥራው ተመለሰ።

የቤተሰቡ መቃብር ላይ ከባለቤቴ አባትና እናት ስም ቀጥሎ ባዶ ቦታ አለ። የድንጋይ ጠራቢው ሁለት ጊዜ መጥቶ የሪዮሳኩን ስም ልቅረጽ ወይ ብሎ ጠየቀኝ፤ ሁለቱንም ጊዜ ሻይ አጠጥቼ ሸኘሁት። የከተማው ጽሕፈት ቤት የላከልኝን የሞት ማስመዝገቢያ ወረቀት መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥኩት። የኋላውን በር አልቆልፍም። ከዚያ ጥር ወዲህ ቤቴ ውስጥ ሬዲዮ ሳይከፈት አንድ ሰዓት አልፎ አያውቅም። የአየር ትንበያ፣ የዓሣ ዋጋ፣ የሕፃናት ተረት፣ የመጣውን ሁሉ እሰማለሁ። ሰዎች ዜና ትወዳለች ይሉኛል። ወደ ውጭ ላለመስማት እንደሆነ የሚያውቅ የለም።

ስለዚህ የሴቶቹን ቃል አውቀው ነበር። ለማለት ግን መጀመሪያ መስማት ነበረብኝ።

ለገና አንድ ሳምንት ሲቀር አባ ሞሪዋኪ ራሳቸው ልምምዱ ላይ ተገኙ። አጎት ዮሂቺ ጀመሩ፤ እዚያው ቦታ ላይ ቆሙ። እንደገና ጀመሩ፤ እዚያው ቆሙ። በሦስተኛው ጀምረው ሳሉ ሳል ያዛቸውና ሁለት ሴቶች ደግፈው አስቀመጧቸው።

«እኔ አንድ ሐሳብ አለኝ» አለች ሚናኮ። «እስከዚያች ቦታ ድረስ እሳቸው ይላሉ። ከዚያ ኦርጋኑ ይገባል፤ እኛ በምናውቀው መዝሙር እንቀበላቸዋለን። ማንም አያውቅብንም።»

«ጥሩ ሐሳብ ነው» አሉ አባ ሞሪዋኪ። ደግ ሰው ናቸው፤ ድምፃቸውም የደግ ሰው ነው። «አጎት ዮሂቺ፣ ራስዎን አያስጨንቁ። ግማሹም ቢሆን ለእኛ ትልቅ ሀብት ነው።»

አጎት ዮሂቺ ቀና ብለው አዩአቸው። «አባ፣ ግማሽ ልጅ ይወለዳል እንዴ?»

ማንም አልሳቀም። አባ ሞሪዋኪ ፊታቸው ቀላ። ሚናኮ ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፤ እንደገና አወጣችው።

«እንግዲህ እንዴት ይደረግ?» አለች። «እኔ የማውቀው ፀጉር ማሳጠር ነው። ዜማ ማስረዘም አልችልበትም።»

«መምህር» አሉ አጎት ዮሂቺ ወደ እኔ ሳይዞሩ። «ወደ ቤት ውሰጂኝ።»

ከቤታቸው ደጃፍ ስናወርዳቸው (የሲሊንደሩን ጋሪ የጎረቤት ሰው ይዞልኝ ነበር) ክንዴን ተደግፈው ጥቂት ቆሙ። ክብደታቸው የልጅ ክብደት ነበር።

«ምን አደረግኋቸው?» አሉ። «ያስተማሩኝን እንዲህ አድርጌ የጣልኩት ምን ሆኜ ነው?»

«አልጣሉትም» አልኳቸው።

«ታዲያ የት ነው ያለው?»

አልጋቸውን አንጥፌላቸው፣ ማሞቂያውን ለኩሼላቸው ወደ ቤቴ ሄድኩ። ሬዲዮው ስለ ጎመን ዋጋ ያወራ ነበር። ዝቅ ላድርገው ብዬ ቁልፉን ያዝኩ። አላደረግሁትም።

የገና ዋዜማ ከቀትር በኋላ ሚናኮ ደወለች። ትንፋሿ ተቆራርጧል።

«መምህር፣ ወደ አጎት ዮሂቺ ቤት ይምጡ። መርከብ ላይ አልወጣም፣ ሆስፒታል አልሄድም ብለዋል። አባም እዚህ ናቸው። ካልዘመርኩ ብለው ተነሥተው ተቀምጠዋል፣ ኧረ ምን ላድርግ?»

ስደርስ በራፉ ላይ የሴቶቹ ጫማ ተደርድሯል። አጎት ዮሂቺ አልጋቸው ላይ በትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ማኅበሩ የሚለብሰውን ጥቁር ኪሞኖ ከላይ ደርበዋል፤ ከሥሩ የሆስፒታሉ ፒጃማ ይታያል። አባ ሞሪዋኪ ከራስጌ ተንበርክከዋል፤ ሚናኮ ለመቅረጽ ስልኳን ትራሱ አጠገብ አስቀምጣለች። ሴቶቹ ግድግዳውን ይዘው ቆመዋል፤ የመንደሪን ልጣጭም ቀልድም የለም።

«መጣሽ» አሉኝ። «ሳኬ አሙቂልኝ። ዛሬ ያልቃል።»

ወደ ወጥ ቤቱ ገባሁ። ማንቆርቆሪያውን በሳኬ ሞላሁ፣ ውኃ ውስጥ አስቀመጥኩ፣ እሳቱን ለኮስኩ። ከወዲያ ጀመሩ። ድምፃቸው ከእንግዲህ ድምፅ አልነበረም፤ የተቀደደ ወረቀት ነበር። ቢሆንም ወጣ፣ ወረደ፣ ወጣ። ቆመ።

«አጎት ዮሂቺ» አለች ሚናኮ ከጥቂት ጊዜ በኋላ፣ በለሆሳስ። «ይበቃል። ይበቃል በእናትዎ።»

«ከመጀመሪያው» አሉ።

«ትንፋሽዎ...»

«ከመጀመሪያው አልኩ እኮ!»

እንደገና ጀመሩ። በእያንዳንዱ መስመር መካከል የኦክስጅኑ ማሽን ይተነፍስላቸዋል። ወደዚያ ቦታ ለመድረስ የሚቀራቸውን አውቅ ነበር። እንዲህ አድርገው ሌላ አንድ ጊዜ ሊጀምሩ እንደማይችሉም አወቅሁ፤ በቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ አውቆታል።

ተንሸራታቹን በር ዘጋሁት። አንዷ ሴት በመደነቅ ያየችኝ መሰለኝ። እሳቱን አጠፋሁ። የአየር ማስወጫውን አጠፋሁ። የኋላውን በር በአንድ ክንድ ያህል ከፈትኩና ቆምኩ።

ዜማው ወጣ። ቆመ።

ዓይኔን ጨፈንኩ።

መጀመሪያ ደጁን ሰማሁ። የውኃ ቧንቧ ይንጠባጠባል። ካሜሊያው ላይ ነፋስ አለ፤ አንድ አበባ እንደ ልማዱ በሙሉ ራሱ ወደቀ። ከዚያ ደረጃውን ሰማሁ። ድመት ነበረች ወይም ቅጠል፤ እግር አልነበረም። ከዚያ መንገዱን። አንድ ሞተር ብስክሌት ከላይ ወረደ፤ በበሩ ፊት ደረሰ፤ አለፈ፤ ድምፁ ከታች ባለው መታጠፊያ ጠፋ። ወደቡን ሰማሁ። ገመድ የጀልባ ጎን ይመታል። ቁራ አለ። ከወደቡ ወዲያ ያለውን፣ አማቴ ስሚ ያላሉኝንም ሰማሁ፤ ከዓለቱ ወዲያ፣ ጀልባው ክብ ሲሠራ ከተገኘበት ወዲያ። ከዚያ ጥር ጀምሮ ሬዲዮ ስሰማ የኖርኩት ይህን ላለመስማት ነበር። ጆሮዬ የሚችለውን ያህል ሄደ። ምንም የሚራመድ አልነበረም። እየመጣ ያለ አልነበረም። ሳይመጣ የዘገየም አልነበረም።

«ማንም አይመጣም» አልኩ።

ዜማው በዚያው ቅጽበት ከቆመበት ተነሣ። ፋታ አልነበረውም፤ ፍለጋ አልነበረውም። እነዚያ ዓመታት በመካከል እንዳልነበሩ ሁሉ ቀጠለ። ከሁለተኛው ክፍል ሰው የደስታ ዜማ ይጠብቅ ይሆናል፤ ልደት ነውና። አይደለም። ዝቅ እያለ የሚሄድ፣ ከባድ መረብ የሚጎትቱ ሰዎች የሚያሰሙት ዓይነት ነው። አንዴ ይጎትታሉ፤ ያርፋሉ፤ ይጎትታሉ። አጎት ዮሂቺ ለብቻቸው ጎተቱት። ሁለት ጊዜ አበቃ ብዬ ነበር። መጨረሻው ላይ የሚባለው ቃል ከድምፅ ይልቅ ትንፋሽ ነበር፤ ግን ተባለ።

ከወዲያ የማሽኑ ድምፅ ብቻ ነበር። ከዚያ አንዲት ሴት አለቀሰች።

ሳኬውን በትንሿ ጽዋ ቀድቼ ገባሁ። ከንፈራቸውን አራስኩላቸው። ዓይናቸው ተከፍቶ ነበር፤ ማየታቸውን ግን እርግጠኛ አይደለሁም።

«በሩ ላይ ማን ነበር?» አሉ። «ፉሳኖ ነሽ?»

«አይደለሁም። ኪኑኤ ነኝ።»

«በደንብ ሰማሽ?»

«በደንብ ሰማሁ።»

«እንግዲህ እነሱም ይጠጡ» አሉ።

አዲሱ ዓመት ሳይገባ አረፉ። የቤተ ክርስቲያን ሰው ስላልነበሩ የቀበሯቸው ዘመዶቻቸው ናቸው፤ አባ ሞሪዋኪ ያለ ልብሰ ተክህኖ፣ በተራ ካፖርት መጥተው ከኋላ ቆሙ። ላያቸው ላይ የሚጸልይ ከራሳቸው ወገን አንድም ሰው አልተረፈም። በጥር ወደ ከተማው ጽሕፈት ቤት ሄጄ ወረቀቱን ሰጠሁ። ድንጋይ ጠራቢው ሲመጣ ሻይ አልቀቀልኩለትም፤ ሥራውን ሠርቶ ሄደ። የኋላውን በር አሁን እቆልፋለሁ።

በበጋው ሚናኮ ፀጉሬን እያሳጠረች «መምህር፣ ታላቅ ዜና አለኝ» አለች። ከስልኳ ላይ እየሰሙ ሴቶቹ ሙሉውን ዜማ ይዘውታል። ለዘንድሮ ገና ይዘምሩታል። «መካከል ላይ እርስዎ ከወጥ ቤት የሆነ ነገር ሲናገሩ ገብቶ ነበር። ለሆነ ሰው መልስ እየሰጡ ነበር መሰለኝ። አይጨነቁ፣ የወንድሜ ልጅ በኮምፒውተር አወጣልን። ያቺን ዝምታም አብሮ ቆረጣት። አሁን አንድ ወጥ ሆኖ ይፈሳል፤ ቢሰሙት!»

በመስታወቱ ውስጥ አየኋት። እርጥብ ፀጉር ትከሻዬ ላይ ይወድቃል።

«ዝምታዋ እዚያው ብትሆን ጥሩ ነበር» አልኳት።

«ኧረ መምህር፣ ሰው አይወደውም። የረሳን ይመስለዋል።» ማበጠሪያዋን ውኃ ውስጥ ነከረች። «ወደ ግራ ትንሽ ያዘንብሉ። እንዲህ።»

አዘነበልኩ።

ለገና ቅዳሴ ቤተ ክርስቲያኑ ሞልቶ ነበር። ከዋናው ደሴት ጋዜጠኛ መጥቷል። እኔ በመጨረሻው ረድፍ፣ በበሩ አጠገብ ተቀመጥኩ። ሴቶቹ በነጭ ልብስ ተሰልፈው ጀመሩ፤ ድምፃቸው ጥሩ ነው፣ ዜማውም ትክክል ነው፣ አንድ ቃል አልሳቱም። ወጣ፤ ወረደ፤ ወጣ። ወደዚያ ቦታ ሲደርሱ ሳይቆሙ አለፉ።

እኔ ግን ጆሮዬ ወደ በሩ ዞሮ ነበር። ቃሉ አፌ ውስጥ እንዳለ ዜማው አለቀ፤ ሰዎችም ማጨብጨብ ጀመሩ።